ስለ ሱናሚ፣ ስለ ባህር ወጀብና ስለ ጥናታቸው፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የተፈጥሮ አደጋዎች ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ይነቃል። ስለ ድርቅ ስናወራ የሚያንቀላፋው ልጅ ሳይቀር ሱናሚ ሲባል እጁን ያወጣል። ከክፍል ውጭም ጥያቄው አያባራም። ወላጆች ይጠይቁኛል፣ ቡና ነጋዴዎች ይጠይቁኛል፣ ሻይ ቤት የምናገኛቸው ሰዎች ይጠይቁኛል። አንዱን መልስ ደጋግሜ ከማወራ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅማ የት፣ ባህር የት? እኛን ምን አገባን?

በጣም የሚቀርበን የባህር ዳርቻ በአየር እንኳ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሄርማታ ገበያ ገብታችሁ ከውጭ የመጣውን ዕቃ ተመልከቱ። አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል የገባ ነው። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያው በር ነው። ቡናችንም የሚወጣው በዚያው ነው። ያንን ወደብ የሚነካ የባህር አደጋ የጅማን ኪስ ይነካል።

ኢንተርኔቱም እንዲሁ ነው። ዓለምን የሚያገናኘው መስመር በአብዛኛው በባህር ስር የተዘረጋ ኬብል ነው። በጥር 2022 ቶንጋ አጠገብ የባህር ውስጥ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የደሴቶቹ ኬብል ተበጠሰ። አገሪቱ ለሳምንታት ከዓለም ተቆራርጣ ከረመች። ዝናቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ሱናሚ ጅማ ሊደርስ ይችላል?

አይችልም። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እስካሁን ከተመዘገበው ሁሉ ውሃ ከፍ ብሎ የወጣው 524 ሜትር ድረስ ነው። እሱም በ1958 አላስካ ውስጥ፣ ሊቱያ በሚባል ጠባብ የባህር ወሽመጥ ላይ ተራራ ተንዶ የሆነ ነው። ቲክቶክ ላይ የሚዞረውን «አፍሪካን የሚያጥለቀልቅ ማዕበል» እዩና ሳቁ።

ሱናሚ ከተለመደው የባህር ማዕበል በምን ይለያል?

ተራውን ማዕበል የሚፈጥረው ነፋስ ነው። የሚናወጠው የላይኛው ውሃ ብቻ ነው። ሱናሚ ግን ከታች ይመጣል። ትሪ ላይ ውሃ አድርጋችሁ እፍ ብትሉበት ላዩ ይሸበሸባል። ትሪውን ከስር በጡጫ ብትመቱት ግን ውሃው በሙሉ ይነሳል። የውቅያኖስ ወለል በመሬት መንቀጥቀጥ ድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሚሆነው ይኸው ነው።

ፍጥነቱን የሚወስነው የውሃው ጥልቀት ነው። 4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጥልቀቱ 10 ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 35 ይወርዳል። የፊተኛው ውሃ ሲቀንስ የኋለኛው ገና እየጋለበ ነው። ይደራረባል፤ ከፍ ይላል። (11ኛና 12ኛ ክፍል ለሆናችሁ፦ የመሬት ስበት ፍጥንጥነትን በጥልቀቱ አባዙና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። መልሱ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ይነግራችኋል።)

የሚገርመው ጥልቅ ውሃ ላይ እያለ አለመታየቱ ነው። በ2004ቱ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ጊዜ ጄሰን-1 የተባለው ሳተላይት ማዕበሉ ከተነሳ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ በላዩ አለፈ። የለካው ከፍታ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። መሀል ባህር ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ማዕበሉ በስሩ ቢያልፍ እንኳ ላያውቀው ይችላል።

በ2004 ለምን ያን ያህል ሰው አለቀ?

ይህንን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ብዙው ነገር እዚህ ውስጥ አለ።

ቀኑ ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ሱማትራ በተባለችው የኢንዶኔዥያ ደሴት አጠገብ መጠኑ 9.1 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሳ። ከ220 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ሟቾቹ የአንድ አገር ሰዎች አልነበሩም፤ ኢንዶኔዥያ፣ ታይላንድ፣ ስሪላንካ፣ ሕንድ፣ እስከ እኛው ጎረቤት ሶማሊያ ድረስ። ሶማሊያ ከመነሻው 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ውሃው እዚያ የደረሰው ከሰባት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ሰባት ሰዓት! ከጅማ ተነስቶ በመኪና አዲስ አበባ ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ሆኖም ሀፉን በተባለችው የፑንትላንድ የዓሣ አጥማጆች መንደርና በአካባቢዋ ሰው አለቀ። በአገሪቱ የሞተው ወደ 300 የሚጠጋ ሰው እንደሆነ ይገመታል።

መንቀጥቀጡን የዓለም መሣሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ መዝግበውት ነበር። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ግን ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ እስከ ዳርቻ የሚያደርስ ሥርዓት አልነበረም። ሳይንቲስቱ ያውቃል፣ ዓሣ አጥማጁ አያውቅም። መሀል ላይ ስልክ የሚያነሳ ሰው የለም። ኬንያ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ባለሥልጣናቱ ከእስያ የመጣውን ዜና ሰምተው የሞምባሳን የባህር ዳርቻዎች አስለቀቁ። እዚያ የሞተው አንድ ሰው ነው። በእርግጥ ኬንያ የደረሰው ማዕበል ደከም ያለ ነበር። ቢሆንም ዜና ሰምቶ የተነሳ ፖሊስ ብዙ ሰው አትርፏል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። ሲሙሉ የምትባል የኢንዶኔዥያ ደሴት አለች። ለመንቀጥቀጡ መነሻ ቅርብ ናት፤ ውሃው በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ደርሷታል። ምንም መሣሪያ፣ ምንም ሳይረን አልነበረም። ከ78 ሺህ ገደማ ነዋሪዋ የሞቱት ግን ሰባት ናቸው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ1907 ሱናሚ መትቷቸው ብዙ ሰው አልቆባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው በዜማና በተረት ይነግሯቸዋል፦ መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ባህሩ ወደኋላ ከሸሸ፣ ምንም ሳትይዙ ወደ ተራራ ሩጡ። ሩጡ የተባሉት ሮጡ። ዛሬ ተመራማሪዎች ይህን ዜማ ልክ እንደ መሣሪያ ንባብ በቁም ነገር ያጠኑታል። እኔም ለተማሪዎቼ ይህን ነው የማስቀድመው፤ የሳተላይቱ ወሬ ኋላ ይደርሳል።

ታዲያ አሁን ሱናሚ ከመምጣቱ በፊት ይታወቃል?

ሁለት ነገር እንለይ። የመሬት መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚሆን ማንም አስቀድሞ አያውቅም። «ማክሰኞ ይነሳል» የሚል ካጋጠማችሁ እለፉት። መንቀጥቀጡ ከሆነ በኋላ ግን ማዕበሉ የት፣ መቼ እንደሚደርስ በደንብ ይሰላል።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎች ቦታውንና መጠኑን ያገኛሉ። ቀጥሎ ውቅያኖስ ወለል ላይ የተቀመጡ የግፊት መለኪያዎች አሉ። ከላያቸው ያለው ውሃ በአንዲት ሴንቲ ሜትር እንኳ ከፍ ካለ ይሰማቸዋል። መረጃውን ላይ ወደሚንሳፈፈው መሣሪያ፣ እሱ ደግሞ ወደ ሳተላይት ይልካል። ወደቦች ላይ ያሉት የውሃ ከፍታ መለኪያዎችም ይታያሉ። ከ2011 ጀምሮ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያና አውስትራሊያ ለሕንድ ውቅያኖስ አገሮች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይልካሉ።

ባህር የሌላት አገራችንም እጇ አለበት። አዲስ አበባ ዳር ፉሪ ተራራ ላይ ያለው የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ የዓለም አቀፉ መረብ አካል ነው። የዚህ መረብ መረጃ ደግሞ ለሱናሚ ማስጠንቀቂያም ይውላል። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ የምር?» ይላሉ። የምር።

ማስጠንቀቂያው አንዳንዴ ለምን ሐሰት ይሆናል?

ሁሉም መንቀጥቀጥ ወለሉን ወደ ላይ አያነሳም። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 እዚያው ሱማትራ አጠገብ 8.6 የሆነ ግዙፍ መንቀጥቀጥ ነበር። ማስጠንቀቂያ ተላለፈ፤ ሕዝብ ሸሸ፤ የመጣው ማዕበል ግን ትንሽ ሆነ። መሬቱ ጎን ለጎን ነበር የተንሸራተተው። ያን ቀን ባንዳ አቼ ከተማ ውስጥ ሰው በሞተርና በመኪና ሲሸሽ መንገዱ ተዘጋ። እውነተኛ ማዕበል ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ያገኛቸው ነበር። ለተመራማሪዎች ትልቅ ትምህርት የሆነው ይህ መጨናነቅ ነው።

ያለ መሬት መንቀጥቀጥስ ሱናሚ ይነሳል?

ይነሳል፤ በጣም የሚያስቸግረውም ይሄኛው ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 አናክ ክራካታው የተባለው የኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራ ጎኑ ተደርምሶ ባህር ውስጥ ገባ። የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ የሚጠብቀው ትልቅ መንቀጥቀጥ ስለነበር አልጮኸም። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። የቶንጋው ፍንዳታ ደግሞ ሌላ ጉድ አሳየ። የአየር ግፊቱ ሞገድ ዓለምን ዞረ፤ በመንገዱ ላይ ባህሩን እየገፋ ሩቅ ወደቦች ላይ ከተጠበቀው ሰዓት ቀድሞ ውሃውን አናወጠ። ስሌቱን ከዚያ ወዲህ እንደገና እየጻፉት ነው።

ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል?

ብዙዎች በሹክሹክታ ይጠይቁኛል። ጥያቄው የመጣው ከቫዮንት ታሪክ ነው። በ1963 ጣልያን ውስጥ ተራራ ተንዶ ግድብ ያጠራቀመው ውሃ ውስጥ ገባ። ውሃው ከግድቡ አናት ከ100 ሜትር በላይ ዘልሎ ከታች የነበሩትን ከተሞች ጠረገ። 2,000 ገደማ ሰው ሞተ። ግድቡ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

እዚያ ግድቡ የተሠራው በጣም ጠባብና ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ተራራውም አስቀድሞ ሲሸራተት ይታይ ነበር። የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ሐይቅ የተኛበት መሬት ከዚያ ይልቅ ዘርዘር ያለ ነው። በጊቤ ተፋሰስ ላይ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጭምር የተሳተፉባቸው የመሬት መንሸራተትና የደለል ጥናቶች ተሠርተዋል። እንቅልፍ የሚነሳው ጉዳይ ደለሉ ነው። ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ቪዲዮ የለውም፣ ማንም አያወራለትም።

መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የመጣውን ማዕበል እንዴት ያውቃሉ?

ጭቃ በመቆፈር። ሱናሚ የባህር አሸዋ ይዞ ወጥቶ ረግረግ ላይ ያነጥፋል። በላዩ ደግሞ ዓመታት አፈር ያለብሱታል። ተመራማሪው ጉድጓድ ቆፍሮ በጥቁሩ አፈር መሀል ነጭ የአሸዋ መስመር ካገኘ፣ በዙሪያው ያለውን የዕፅዋት ቅሪት ዕድሜ ያስለካል። ታይላንድ ውስጥ ፕራ ቶንግ ደሴት ላይ ከ2004ቱ አሸዋ ስር የጥንት ማዕበሎች ያነጠፉት ሌላ አሸዋ ተገኝቷል። የ2004ቱ የመጀመሪያው አልነበረም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስደምመኝ ግን የ1700ው ነው። ጃፓኖች በጥር ወር 1700 መሬት ሳይንቀጠቀጥ የመጣ ማዕበል መዝግበው ነበር። ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። በኋላ አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ላይ መሬቱ ዝቅ ብሎ የጨው ውሃ የገደላቸው የዝግባ ዛፎች ተጠኑ። የግንዳቸው ቀለበት ሲቆጠር የሞቱት በ1699 ክረምት መጨረሻና በ1700 ጸደይ መካከል ሆነ። ሁለቱ ገጠሙ፤ ቀኑ እንኳ ታወቀ፣ ጥር 26 ምሽት። መጽሐፍና ዛፍ ከሁለት አህጉር መጥተው አንድ ቃል ሰጡ።

የባህር ጠለል እየጨመረ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምሯል። ፍጥነቱም አድጓል፤ ከ2006 እስከ 2018 በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ በረዶ ይቀልጣል፣ ውሃ ደግሞ ሲሞቅ ይሰፋል። ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ወጀብ በመጣ ጊዜ ነው የሚታየው። ማዕበሉ ከፍ ካለ ወለል ላይ ስለሚነሳ ትናንት ያልደረሰበት መጋዘን ይደርሳል። ጅቡቲ ከተማ ደግሞ በአብዛኛው ዝቅ ያለ ዳርቻ ላይ የተቀመጠች ናት።

የውቅያኖስ ወጀብ ኢትዮጵያ ይደርሳል?

ራሱ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ጦሱ ግን ይደርሳል። በግንቦት 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን (የውቅያኖስ ወጀብ) በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ሶማሌላንድ ላይ መሬት ነካ። ጅቡቲ በጎርፍ ተመታች። የእኛም ምሥራቅ ዝናቡን ቀምሶታል።

የከፋው ሌላው ነው። በዚያው ዓመት መኩኑ እና ሉባን የተባሉ ሁለት ሳይክሎኖች የዓረቢያን በረሃ አራሱት። ሰው በማይኖርበት አሸዋ ላይ ሣር በቀለ። የበረሃ አንበጣ እዚያ ተራባ፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ጨመረ። በ2019 እና በ2020 ምሥራቅና ደቡብ ኢትዮጵያ ላይ የወረደው መንጋ ሥሩ እዚያ ነው። የሐረርጌ ገበሬ በጣሳና በጅራፍ ያባረረው ነገር ከዓመት በፊት ባህር ላይ የተጀመረ ጉዳይ ነበር።

ዝናቡም አለ። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቁ ይልቅ ሲሞቅ የምሥራቅ አፍሪካ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ይከብዳል። በ2019 መጨረሻ የሆነው እሱ ነው። ጀንፈል ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቶ ሰማይ ሰማይ ለሚያይ ሰው ይህ የቲዎሪ ወሬ አይደለም።

በነገራችን ላይ ሳይክሎን ሲባል ሁላችንም ነፋሱን ነው የምናስበው። ብዙ ሰው የሚገድለው ግን ነፋሱ ገፍቶ የሚያመጣው ውሃ ነው። በ1970 የዛሬዋን ባንግላዴሽ የመታው ቦላ ሳይክሎን ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ገድሏል። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ በእግር የሚደረስባቸው የኮንክሪት መጠለያዎችን ሠራች። በየመንደሩ በድምፅ ማጉያ የሚዞሩ በጎ ፈቃደኞችንም አሰለጠነች። ከባድ ሳይክሎኖች ዛሬም ይመጣሉ፤ የሟቹ ቁጥር ግን በጣም ወርዷል። ድሃ አገር አይችልም ለሚሉ ይህ ይበቃቸዋል።

አፋር ባህር ይሆናል የሚባለውስ?

በሚሊዮኖች ዓመታት፣ አዎ። በ2005 ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ተከፍቷል። ብዙውን ጊዜ በውቅያኖስ ስር ተደብቆ የሚካሄደውን ነገር ሳይንቲስቶች በእግራቸው ቆመው የሚያዩት እዚህ ነው። ጅማ ከስምጥ ሸለቆው ምዕራብ ስለሆነች ከትልቁ አፍሪካ ጋር ትቀራለች። የባህር ዳር ቤት አይደርሰንም።

ከጅቡቲ ወደ የመን ያለው ባህር ጠባብ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከየብስ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን ሁለት ባህሮች የሚገናኙበት ሰርጥ ነው፤ ነፋሱ እዚያ ታፍኖ ሲያልፍ ይበረታል፣ ሞገዱም ጠንካራ ነው። ደላላ በሌሊት ከአቅሟ በላይ በጫናት ጀልባ ላይ ተሳፍረው ያለቁ ወጣቶቻችን ብዙ ናቸው። «አንድ ሰዓት ነው» የሚላችሁን ደላላ አትመኑ።

ወንድሜ መርከብ ላይ ይሠራል። ግዙፍ ማዕበል የሚባለው ተረት ነው ወይስ እውነት?

ለረጅም ጊዜ የመርከበኛ ተረት ነበር የሚባለው። ጥር 1 ቀን 1995 ሰሜን ባህር ላይ ድራውፕነር የተባለ የጋዝ ቧንቧ መስመር ጣቢያ 25.6 ሜትር የሆነ ማዕበል ለካ። በሰዓቱ የነበሩት ትልልቅ ማዕበሎች አማካይ 12 ሜትር ገደማ ነበር። ክርክሩ ያን ቀን አለቀ። የዛሬ መርከቦች ግን የአየር ትንበያ እያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ ለእናታችሁም እንዲህ ብላችሁ ንገሯት።

ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር ልንዝናና ነው። ምን እንጠንቀቅ?

ሱናሚውን ተዉት። አዌቱ ወንዝ ዳር ላደገ ሰው አደገኛው ከዳር ወደ መሀል የሚጎትተው ጠባብ የውሃ ጅረት ነው። ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ የሚመስለው መስመር ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከያዛችሁ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉት፤ ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ ይደክማል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙና ውጡበት፤ ካልቻላችሁ ተንሳፈፉና እጃችሁን አውለብልቡ። ዋና የማትችሉ ከጉልበት በላይ አትግቡ።

ከጅማ ሆኖ ይህን ሙያ መጀመር ይቻላል?

ይቻላል፤ ባህር ሳያዩ የጀመሩ ብዙ ናቸው። ጥናቱ በአብዛኛው ፊዚክስ፣ ሂሳብ፣ ጂኦሎጂና ኮምፒውተር ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሃይድሮሊክስ የሚማር ልጅ ወንዝ ሲሞላ የሚያሰላበት እኩልታ ከሱናሚው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የዓለም መንቀጥቀጥ መረጃ፣ የወደቦች የውሃ ከፍታና የሳተላይት ልኬት ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተማሩ። ከዚያ የአንድ ወደብ የአንድ ወር የውሃ ከፍታ አውርዳችሁ በግራፍ ሥሩት፤ ውሃው በቀን ስንቴ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ራሳችሁ ቁጠሩ። ሠርታችሁ ካመጣችሁ አብረን እናየዋለን።